ለጥምቀት እንግዳ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠጅ አጣጣልና የአንኮበር ጉዞ

በግ በአንድ ቀን ይገዛል፣ ዶሮም በአንድ ሌሊት ይሠራል። ጠጅ ግን በሦስት ቀን አይደርስም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከሌላው አገር ይበልጥ ይዘገያል። ከተማዋ 2,840 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ታህሳስና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። አዲስ አበባ በስምንትና በዘጠኝ ቀን የሚደርስ ጠጅ እዚህ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት አልፎትም ጣፋጭ ብርዝ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለጥምቀት ዘመድ የጠራ ሰው ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ከታች ያለው ስሌት ለ25 ሰው ነው። ዝግጅቱ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 13 ደግሞ አንኮበር ደርሶ መልስ ነው። ዋናውን የመጠጥ ግብዣ ለጥር 12 ብታደርጉት ይሻላል። በጥምቀት ዕለት ሰው ታቦት ሲሸኝ ውሎ ደክሞ ይገባል። ጥር 12 ደግሞ ጌታ በቃና ሰርግ ውሃውን ወይን ያደረገበት መታሰቢያ ስለሆነ ጠጁ በቦታው ይውላል፤ የሚካኤል ታቦት ገብቶ ሕዝቡ ሲመለስ ማዕዱ ይቀርባል።

ቀኖቹ እንዲህ ይያዙ፦

ታህሳስ 20፦ ማሩን መበረዝ።
ታህሳስ 24፦ ጌሾ መጨመር።
ጥር 5፦ ማጥለል። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ክብረ በዓል ቀን እጅ አይገኝምና ከዚያ በፊት ይለቅ።
ከጥር 5 እስከ 10፦ ጠጁ ይርጋ።

የምትጥሉበት ክፍል እሳት የማይነድበት ከሆነ መበረዙንና ጌሾ መጨመሩን አምስት ቀን ወደ ኋላ ውሰዱና ታህሳስ 15 ጀምሩ።

ማሩና ልኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አንድ እጅ ማር፣ ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ» ሲባል ልኩ በዕቃ ነው፤ በጣሳ፣ በጆግ ወይም በሊትር። ማር ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ማር ማለት 0.7 ሊትር ብቻ ነው። «አንድ ለሦስት» ብሎ አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ የበረዘ ሰው በእውነቱ የሠራው አንድ ለአራት የሚያልፍ ነው። ጠጁ ሳስቶ ሲወጣ ማሩን ያማል፤ ጥፋቱ ግን የሚዛኑ ነው።

ለዚህ ድግስ አንድ ለአራት ይበቃል፦ 4.5 ሊትር ማር፣ ማለትም 6.3 ኪሎ ገደማ፣ ከ18 ሊትር ውሃ ጋር። 22 ሊትር ከግማሽ ይሆናል፤ ሲጠልልና አተላው ሲቀር 20 ሊትር ይተርፋል። አንድ ለሦስት የሚወድ አለ፤ ሞቅ ባለ አገር ግሩም ይሆናል። በዚህ ብርድ ግን ማር ሲበዛበት እርሾው ይደክምና ጠጁ ሳይፈላ ጣፋጭ እንደሆነ ይቀራል። የደረሰ የቤት ጠጅ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው፤ ከቢራ በእጥፍ የሚጠነክር መጠጥ ነውና አንድ ለአራት ደካማ አይደለም።

የመስከረም አበባ ማር በጥቅምትና በኅዳር ስለሚቆረጥ ታህሳስ ላይ ትኩስ ማር አይጠፋም። ለጠጅ የሚመረጠው ያልተጣራው፣ ሰፈፍ ያለበት ማር ነው፤ መዓዛውም እርሾውም አብሮት አለ። ሰፈፉ ግን ከሚዛኑ ይወስዳልና ሰፈፋም ማር ስትገዙ አንድ ኪሎ ያህል ጨምሩ። የደጋ ነጭ ማር በብርድ ረግቶ እንደ ቅቤ ስለሚሆን «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ብላችሁ አትመልሱት፤ መርጋት የማር ጠባዩ ነው። ስኳር ያለበትን የሚያሳብቀው መዓዛ ማጣቱ ነው። ማሩን በጣታችሁ አሽታችሁ የአበባ ሽታ ከሌለው ተዉት። ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ መፈተን ብዙ አያስተማምንም፤ ከምታውቁት አናቢ መግዛት ይበልጣል።

ዕቃው

ጋን ወይም እንስራ ካላችሁ በግራዋ ቅጠል ውስጡን ደጋግማችሁ እሹና አለቅልቁ፤ ከዚያ በወይራ ጭስ አጥኑት። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳ የተደበቀውን የቆየ ሻጋታና ኮምጣጣ ነገር ያደክማል። ሸክላ ከሌለ ለምግብ የተሠራ 30 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ይሆናል። ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን አይሆንም፤ ሽታው አይለቅም። ዕቃው ሩቡ ባዶ መሆን አለበት፤ ጠጅ ሲፈላ አረፋው ይነሳል፤ እስከ አፉ የተሞላ ጋን ወለል ላይ ይፈስሳል።

ውሃው የቧንቧ ከሆነ አንድ ሌሊት ክፍቱን ይደር። ክሎሪኑ ካልበነነ ጥንስሱን ያደክማል።

አጣጣሉ

1. ታህሳስ 20 ውሃውን ለእጅ ለብ እስኪል ብቻ አሙቁ። ማሩን ጨምራችሁ እስኪሟሟ በንጹህ እጅ ወይም በእንጨት በጥብጡ። ማሩን አታፍሉት፤ መዓዛው ይበናል፣ አብሮት ያለው እርሾም ይሞታል።

2. ንጹህ ጨርቅ አልብሳችሁ በገመድ እሰሩ። በርሜሉን ከሲሚንቶ ወለል አንስታችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡት፤ የደብረ ብርሃን ወለል ሙቀቱን ይመጥጣል። ምድጃው ወይም ምጣዱ ባለበት ክፍል ይሁን፤ በባና ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ይጠቅለል። የሚፈለገው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። እጅ ሲነካው የማይቀዘቅዝ ከሆነ ደርሷል።

3. በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጥቃቅን አረፋም ይታያል። ሰፈፉን ግፈፉ። ለልጆችና መጠጥ ለማይቀምሱ ብርዝ ከዚህ አትቀንሱ፤ ይህ መፍላት ጀምሯል። የእነሱ ብርዝ ጥር 11 ማታ ለብቻው ይበረዝ።

4. ታህሳስ 24 ጌሾ ይገባል። ለጠጅ የሚሆነው የጌሾ እንጨት ነው፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው። ለዚህ መጠን ግማሽ ኪሎ ያህል የተከተፈ እንጨት ይበቃል። ከብርዙ ሦስት ሊትር ቀንሳችሁ ሁለት ሦስተኛውን ጌሾ በዚያ ቀቅሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ሌላው አገር 15 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 25 ደቂቃ ይፈልጋል። የቀረውን አንድ ሦስተኛ ጌሾ ሳታፈሉ፣ አጥባችሁ ብቻ ጨምሩት፤ በእንጨቱ ላይ ያለው እርሾ ሳይሞት የሚገባው በዚህ ነው።

5. የተቀቀለው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ትኩሱን ብትደፉት ጥንስሱን ሊጎዳው ይችላል። ሲቀዘቅዝ ከነእንጨቱ መልሱና በጥብጡ።

6. ካለፈው ጠጅ የቀረ አተላ ካለ አንድ ብርሌ ጨምሩ። በብርድ አገር ይህ ሁለትና ሦስት ቀን ያተርፋል። ኮምጣጣ ሽታ ያለው አተላ ግን አይግባ፤ ኮምጣጤውን ወደ አዲሱ ያሻግራል።

7. መክደኛውን አታጥብቁት። ጠጅ ሲፈላ ጋዝ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ በርሜሉን ያብጠዋል፤ ጠርሙስ ከሆነ ይፈነዳል። በየቀኑ አንድ ጊዜ በንጹህ እንጨት አማስሉ። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ማማሰሉን ተዉ፤ ያኔ አየር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

8. ጥር 5 ቅመሱ። ማርነቱ ቀንሶ የጌሾው ምሬት ከኋላ ከመጣ፣ ጆሮ ሲጠጋ የሚሰማው የመፍላት ድምፅም ከለዘበ ይጠለል። አቡጀዲውን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ በእርጋታ አጥልሉ። ጨርቁን አትጭመቁት፤ የሚወጣው አተላ ጠጁን ያደፈርሳል። የተጠለለውን እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ አድርጋችሁ አሁን ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። ደብረ ብርሃን የተመሰገነች የምትሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ብርዱ እርሾውን ወደ ታች አስቀምጦ ጠጁን በአምስት ቀን እንደ ወርቅ ያጠራዋል።

ሲበላሽ

በአምስት ቀን አረፋ ካልታየ ብርድ ነው። ዕቃውን ወደ እሳቱ አስጠጉ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በብርድ ልብሱ ውስጥ ከጎኑ አኑሩ። ካልሆነ ጥንስስ ከጎረቤት ተዋሱ፤ የዳቦ እርሾም ያስነሳዋል፣ ግን የዳቦ ሽታ ይተዋል።

ኮምጣጣ ከሆነ አየር ገብቶበታል፦ ጎድሎ የተቀመጠ፣ ጨርቁ የተገለጠ፣ ደጋግሞ የተቀዳለት ዕቃ። ይህ አይመለስም። ማር ጨምሮ ሊያድኑት የሚሞክሩ አሉ፤ ማሩን ማባከን ነው። ለሥጋ መዘፍዘፊያ ይሁን።

ምሬት ከበዛ ጌሾው በዝቷል ወይም ብዙ ቆይቷል። በጊዜ ካጠለላችሁት፣ ጥቂት አዲስ ብርዝ ጨምራችሁ ለሦስት ቀን ብታቆዩት ይለዝባል።

ከላይ ነጭ ስስ ቆዳ ከታየ ገፍፋችሁ ቅመሱ፤ ጣዕሙ ደህና ከሆነ ቶሎ አጥልላችሁ ዕቃውን ሙሉት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉር ያለው ሻጋታ ከሆነ ግን ይደፋ።

ማዕዱ

ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። እንግዳው የሚገባው በዚያ ቀን ከሆነ ሽሮና ምስር፣ የአበሻ ጎመንና ድፎ ዳቦ ይጠብቀው። ለጥር 12 ሦስት ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልቱ 36 ቁራጭ ይሆናል፤ ለ25 ሰው አያሳፍርም። አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርትና 30 እንቁላል ያዙ። እንቁላሉን 15 ደቂቃ ቀቅሉት፤ በዚህ ከፍታ አሥር ደቂቃ አስኳሉን አያጠነክርም። ከዶሮው ጋር አንድ የመንዝ በግ ይበቃል። ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ሥጋው ግን ጣፋጭ ነው፤ ለጥብስና ለአልጫ ተከፍሎ ይዳረሳል።

ጠጁ ከጋኑ በቀጥታ ለሰው አይቀዳም። ሳይናወጥ በማንቆርቆሪያ ይቀዳና በብርሌ ይቅረብ። አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቅመስ፤ የቆየ ሥርዓት ነው፣ ለእንግዳውም ክብር ነው። መጀመሪያ ለአባቶችና ለእናቶች፣ ከዚያ በዕድሜ። ከቆላና ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው በዚህ ከፍታ መጠጥ ቶሎ ሊሰማው ይችላል፤ ከሁለተኛው ብርሌ በፊት እህል ይቅረብለት፣ ውሃም ከአጠገቡ አይጥፋ። ከይፋት የመጡ ሙስሊም ወዳጆች ካሉ ብርዙ በራሱ ማንቆርቆሪያ ይሁን፤ የጠጅ ዕቃ ታጥቧል ብሎ በዚያ ማቅረብ ነውር ነው። ሥጋውም ለእነሱ ከሙስሊም ቤት ታርዶ ለብቻው ይሠራ።

መኝታ ላይ አትቆጥቡ። አንድ ብርድ ልብስ ለአዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ሁለት፣ ከላይ ባና።

አንኮበር

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ናት፤ 2,465 ሜትር ከፍታ ላይ በገደሉ አፋፍ ተቀምጣለች። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የነገሠው ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞችን ተቀብሎ የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋውሏል። ጠጅ በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ሕዝቡ ጠላውን ይጠጣ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚጣለውን ጠጅ ይዞ አንኮበር መድረስ ለዚህ ነው ትርጉም ያለው።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንና መኪና ማለፉን አንኮበር ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳያደርጉ ሽማግሌና ሕፃን ጭኖ መውጣት አይገባም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። ዘግይቶ ለደረሰ ከቆላው የሚወጣው ጉም የአፋሩን ሜዳ ሊሸፍንበት ይችላል፤ የአንኮበር ውበቷ ደግሞ ያ እይታ ነው። መንገዱ ከአንኮበር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያልፋል፤ ነፋሱ ይቆርጣል፣ ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክልም እዚያ ነው። በርኖስ ወይም ጋቢ በእጅ ይያዝ እንጂ ከሻንጣ ሥር አይግባ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ካገኛችሁ ከመኪና ወርዳችሁ በዝምታ እዩ፤ ዳቦ አትወርውሩላቸው፤ ምግባቸው ሣር ነው፣ ሰው ያስለመደው ጭላዳ የገበሬ ማሳ ላይ ይወጣል።

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእግር ይወጣል። ከጥንቱ ግንብ የቀረ ግድግዳ አለ፤ በላዩም በቀድሞው ቤተ መንግሥት አምሳል የታነጸ ማረፊያ ተሠርቶበታል። ምሳ እዚያ ለመብላት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ለ25 ሰው ምግብ በድንገት አይገኝም። ለሽማግሌዎች ምርኩዝ አዘጋጁ፤ መውጣቱን ይችሉታል፣ የሚያስቸግራቸው መውረዱ ነው። ከመንደሩ አስጎብኚ ውሰዱ፤ መድኃኔ ዓለም፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ሚካኤል የቱ ከየት እንደሆነ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመግባታችሁ በፊት ነጠላ ይለበስ፣ ጫማ ይውለቅ፣ ፎቶ ካህኑን ሳያስፈቅዱ አይነሳ። ቤተ ክርስቲያኖቹን ከምሳ በፊት ጨርሱ፤ በልቶና ጠጥቶ መቅደስ አይገባም። ወፍ የሚወድ ካለ ዓይኑን ወደ ገደሉ ይጣል፤ በአንኮበር ስም የተጠራችው ትንሽ ቡናማ ወፍ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀችው ከዚህ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አለች፤ ከሐረርና ከባሕሩ የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍባት የአርጎባዎች የገበያ ከተማ። በዚሁ ቀን አትጨምሯት። ቁልቁለቱ ረጅም፣ አየሩ ሞቃት ነው፤ ለብቻዋ አንድ ቀን ይገባታል። ቀን የተረፈው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከጫጫ አጠገብ አንጎለላን ይይ፤ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ደግሞ ጣርማበርን ተሻግሮ ከደብረ ሲና ቆሎ ይግዛ።

ለአንኮበር ጠጅ የምትይዙ ከሆነ አምስት ሊትር ይበቃል። በሰባት ሊትር ጀሪካን አድርጉት፣ ክዳኑን አላሉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት ሰው እግር መካከል አቁሙት። መኪናው ከፍ ሲል የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ መናወጡም ጋዙን ያስነሳል፤ የታሸገ ጠርሙስ እዚያ ላይ ይገነፍላል። ብርሌ በመንገድ ይሰበራልና በጨርቅ ተጠቅልሎ በሞሶብ ይያዝ። ስንቁ ቋንጣ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይሁን፤ ዶሮ ወጥ በጠመዝማዛ መንገድ ይደፋል። ጠጁ የሚቀዳው ከኮረብታው ከተወረደ በኋላ ነው። ሹፌሩ አንድም ብርሌ አይቀምስም፤ ድርሻው በጠርሙስ ተቀምጦ ማታ ቤቱ ይጠጣዋል።

ቤት ስትመለሱ የቀረውን ጠጅ ወደ ትንሽ ዕቃ አዛውሩ፤ ጎድሎ በትልቁ ጋን ካደረ ቶሎ ይኮመጥጣል። ከአተላው አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ጠጅ የሚጥል ካለ ጥንስሱ ከዚህ ይወሰዳል። ጋኑን በዚያው ሌሊት እጠቡት፣ አተላ ከደረቀበት ግራዋም አያስለቅቀውም፤ በማግሥቱ ፀሐይ ላይ ይደፋና ሲደርቅ በወይራ ይታጠን።